ቲኬቱን ማን ያንብበው? ከቦሌ እስከ ወልድያ የሚነገሩ ተረቶችና እውነታቸው

በሐብሩም ሆነ በወልድያ፣ ጅዳ፣ ሪያድ፣ ቤይሩት ወይም ዱባይ ሰው የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። ከወደ ዋሽንግተን የሚመጣም አይጠፋም። ልጅ ከውጭ የገባች ዕለት ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ቡና ይፈላል፣ ሻንጣ ይፈታል። ከሻንጣው ጋር የመንገድ ወሬም አብሮ ይፈታል፤ እገሌ በማይል በነጻ መጣ፣ እገሊት አውሮፕላን አመለጣት፣ ላሊበላ የወረደው ቀድሞ ቤቱ ገባ። ሰሚው ደግሞ ይህንኑ ስንቅ አድርጎ በተራው ይነሳል።

ወሬው ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ብዙው ለሌላ ሰው፣ በሌላ ቲኬት፣ በሌላ ጊዜ እውነት የነበረ ነው። ችግሩ የእርስዎ ቲኬት ላይ የተጻፈው ሌላ መሆኑ ነው። ቀጥሎ ያሉት ከቦሌ እስከ ወልድያ መናኸሪያ ድረስ ደጋግመው የሚሰሙት ናቸው።

1. ተረት፦ «ማይሉ ቲኬቱን የከፈለው ሰው ነው።»

እውነታ፦ ማይል የሚመዘገበው ወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ነው። ወንድም ከሪያድ ሆኖ ለእናቱ ቲኬት ቢቆርጥ ማይሉ የእናቱ ነው። ቲኬቱን የሸጠው ኤጀንትም ሆነ ገንዘቡን ያበደረው ጓደኛ ድርሻ የላቸውም። ስለዚህ ቤተሰብ በሙሉ በአንድ ሰው ቁጥር እየበረረ ማይል ሊያጠራቅም አይችልም፤ ሁሉም የየራሱን ቁጥር ማውጣት አለበት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የደንበኞች ፕሮግራም ሼባ ማይልስ ይባላል፤ አባል ለመሆን ገንዘብ አይጠየቅም።

ወጪው ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የተጠራቀመውን ማይል ለሌላ ሰው ቲኬት ማውጣት ይቻላል። አውሮፕላን ረግጠው የማያውቁ የመርሳ አባት የራሳቸው ማይል ባይኖራቸውም በልጃቸው ማይል ሊበሩ ይችላሉ። ገቢው የበራሪው፣ ወጪው የቤተሰቡ ነው ብለው ይያዙት።

2. ተረት፦ «አባል ከሆንኩ ወዲያ ማይሉ ራሱ ይቆጠራል።»

እውነታ፦ ኮምፒውተር ሰው አያውቅም፤ የሚያውቀው ፊደል ነው። «መሐመድ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል በስንት መንገድ እንደሚጻፍ ያስቡት፤ አንዱ መካከል ያለችውን «መ» ይደግማታል፣ አንዱ በነጠላ ያልፋታል፣ ሌላው አናባቢውን ይለውጣል። «ዘይነብ» እና «ፀሐይ»ም ከዚህ አያመልጡም። ፓስፖርቱ አንድ ዓይነት፣ የአባልነት መዝገቡ ሌላ ዓይነት ከሆነ ማይሉ ባለቤት አጥቶ ይቀራል። በዚያ ላይ የእኛ አገር ስም ከአያት ጋር ሦስት ነው፤ ውጭ አገር የሚሞላው ፎርም ግን የራስ ስምና «የቤተሰብ ስም» ብቻ ይጠይቃል። አንዱ ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት ስም የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሲመዘገቡ ፓስፖርቱን ፊት ለፊት አስቀምጠው ፊደል በፊደል ይገልብጡ። ቲኬት ሲቆረጥ የአባልነት ቁጥርዎ መግባቱን ያረጋግጡ። ቦርዲንግ ፓሱን ደግሞ ማይሉ መዝገብዎ ላይ እስኪታይ ድረስ አይጣሉት። ሳይቆጠር ከቀረ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ማመልከት ይቻላል፤ የሚጠየቁት የቲኬት ቁጥር ነው። ቁጥሩ 13 አሃዝ አለው፤ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቆረጠ ከሆነ በ071 ይጀምራል።

3. ተረት፦ «ማይል ማለት የተጓዝኩት ርቀት ነው።»

እውነታ፦ ስሙ እንደዚያ ይላል፤ ሒሳቡ ግን በርቀት ብቻ አይሠራም። ከአዲስ አበባ ጅዳ በቀጥታ ወደ 880 ማይል ነው፤ ዋሽንግተን ደግሞ ከ7,100 ማይል በላይ ነው። በዚያው በረራ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ግን የተለያየ ማይል ሊያገኙ ይችላሉ። ምክንያቱ ቲኬቱ ላይ ያለችው አንዲት የላቲን ፊደል ናት፤ የዋጋውን መደብ የምታሳየው እሷ ናት። በርካሹ መደብ የተገዛ ቲኬት ከርቀቱ የተወሰነ መቶኛ ብቻ ያስገኛል፤ በሌላ አጋር አየር መንገድ ሲሆን ምንም የማያስገኝ መደብም አለ። ይህ ማለት ውድ ቲኬት ይግዙ ማለት አይደለም። ለማይል ብሎ ብዙ ብር መጨመር በግ ሸጦ ገመድ መግዛት ነው።

4. ተረት፦ «በየትኛውም ብሄድ ማይሌ አንድ ቦታ ይገባል።»

እውነታ፦ አየር መንገዶች እንደ ዕቁብ ናቸው፤ የገቡበት ዕቁብ ይለያያል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ጀምሮ የስታር አሊያንስ አባል ነው። ሉፍታንዛ፣ ተርኪሽ፣ ዩናይትድና ኢጂፕትኤር እዚያው ስላሉ በእነሱ ሲበሩ የሼባ ማይልስ ቁጥርዎን መስጠት ይችላሉ። በእኛ ሰው ዘንድ የሚዘወተሩት የዓረብ አገር አየር መንገዶች ግን ሌላ ቤት ናቸው። ሳውዲያ የስካይቲም፣ ኳታር ኤርዌይስ የዋንወርልድ አባላት ናቸው፤ ኤምሬትስ ደግሞ ከሦስቱም የለበትም። ሳውዲያ አልፉርሳን፣ ኤምሬትስ ስካይዋርድስ የሚባል የየራሳቸው ፕሮግራም አላቸው። አንድ ጊዜ በዚህ፣ አንድ ጊዜ በዚያ የሚበር ሰው በሦስት ቦታ ሽርፍራፊ ይዞ የትም ሳይደርስ ይቀራል፤ ማይል ደግሞ ዕድሜ አለው፣ ጊዜው ሲያልፍ ይቃጠላል። በዋጋው ብዙ የማይለያዩ ከሆነ አንዱን ይያዙ።

5. ተረት፦ «በማይል የተቆረጠ ቲኬት ነጻ ነው።»

እውነታ፦ ማይሉ የሚሸፍነው የወንበሩን ዋጋ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያ ክፍያና ግብር በገንዘብ ይከፈላል። ስለዚህ ማይልዎን ከማውጣትዎ በፊት ትንሽ ሒሳብ ይሥሩ። ለስሌቱ ያህል ብቻ፣ በገንዘብ 50,000 ብር የሚሸጥ ቲኬት በማይል ሲወጣ 15,000 ብር ግብር ቢያስከፍል፣ ማይሉ ያዳነልዎ 35,000 ብር ነው። ያንን ለሚጠየቁት ማይል ያካፍሉትና የአንዱን ማይል ዋጋ ያገኙታል። ሁለት ጉዞ በዚህ መንገድ ቢያወዳድሩ የትኛው ላይ ማውጣት እንደሚያዋጣ ራሱ ይናገራል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው አገር ውስጥ በረራ ላይ ነው። አየር መንገዱ ከውጭ ራሱ ያመጣውን መንገደኛ ለአገር ውስጥ ጉዞ በቅናሽ ማስተናገድ የቆየ ልማዱ ነው። ቲኬቱን ሲገዙ የውጭውን ጉዞ የቲኬት ቁጥር ያሳዩና ዋጋውን ይጠይቁ፤ በቅናሹ የሚያገኙትን መንገድ በማይል መክፈል የለብዎትም። ማይሉን ለረጅሙ መንገድ ይቆጥቡት። «ማይልህን እገዛሃለሁ» ከሚልዎት ሰው ደግሞ ይራቁ፤ ማይል መሸጥ የፕሮግራሙን ደንብ መጣስ ነው፤ ሒሳብዎ ሊዘጋ፣ ማይሉም ሊወረስ ይችላል።

6. ተረት፦ «ብዙ ማይል ካለኝ የወርቅ ካርድ ይሰጠኛል።»

እውነታ፦ ቲኬት የሚወጣበት ማይልና ደረጃ የሚያሳድገው ማይል የተለያዩ ናቸው። ደረጃው የሚታየው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምን ያህል እንደበረሩ ነው። በሁለት ዓመት አንዴ ለበዓል የሚመጣ ሰው ወርቅ ላይ አይደርስም፤ አብሽር፣ ቡናውን ለመጠጣት ወርቅ አያስፈልግም።

7. ተረት፦ «ቲኬቱ የሚለው ሰዓት የእኛው ሰዓት ነው።»

እውነታ፦ ከሁሉም ብዙ ሰው ያስለቀሰው ይህ ነው። ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ይቆጥራል፤ ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሰዓቱን ወደ እኛ ለማምጣት 6 ይቀንሱ፤ 08:40 የሚለው ጠዋት 2:40 ነው። ውጤቱ 13 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 12 ደግመው ይቀንሱ። የቲኬቱ ቁጥር ከ7 ካነሰ ደግሞ 6 ይጨምሩ፤ 01:15 የሚለው ሌሊት 7:15 ነው።

ወጥመዱ ያለው ሌሊቱ ላይ ነው። ቲኬቱ «ጁላይ 12፣ 01:15» ቢል ጁላይ 12 ሐምሌ 5 ነው። መንገደኛው ሐምሌ 5 ቀኑን ውሎ ማታ ቦሌ ቢሄድ አውሮፕላኑ ገና ሳይነጋ ሄዷል። በእኛ ልማድ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ስለሆነ ያ ሌሊት ለእኛ የሐምሌ 4 ሌሊት ነው። ሦስት ሰዓት አስቀድሞ መገኘት ስለሚያስፈልግ፣ ሐምሌ 4 ማታ 4:15 ላይ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ መሆን አለብዎት። ከወልድያ በአውቶብስ የሚመጣ ደግሞ ሙሉ ቀን መንገድ ስላለው ቢዘገይ ቢዘገይ ሐምሌ 3 ንጋት ላይ መነሳት ይኖርበታል።

አንድ ነገር ይጨምሩ። እያንዳንዱ ሰዓት የሚጻፈው በዚያው ከተማ ሰዓት ነው። ጅዳና ሪያድ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናቸው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድመናል። ከዱባይ የምትመጣን እህት ለመቀበል ሲሰሉ የመነሻውንና የመድረሻውን ሰዓት እንዲሁ ቢቀናንሱ የበረራው ርዝመት ይዛባብዎታል።

8. ተረት፦ «ለወልድያ ቅርቡ ላሊበላ መውረድ ነው።»

እውነታ፦ ወልድያ መደበኛ በረራ የሚያርፍበት ማረፊያ የላትም፤ አማራጩ ላሊበላ ወይም ኮምቦልቻ ነው። ላሊበላ በዚያው በሰሜን ወሎ ዞን ስለሆነ በአሳብ ቅርብ ይመስላል። በመንገድ ግን ከላሊበላ ጋሸና ድረስ 64 ኪሎ ሜትር ወጥተው፣ ከዚያ ደጋውን ይዘው በድልብ በኩል ወልድያ ይወርዳሉ፤ በድምሩ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማረፊያው ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጋሸናው አቅጣጫ ስለሆነ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይተርፍልዎታል። ኮምቦልቻ ከወረዱ ደሴ ወደ 25 ኪሎ ሜትር፣ ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ነው። በቁጥር ብቻ ሁለቱ ያን ያህል አይራራቁም።

ልዩነቱ መኪናው ነው። የኮምቦልቻው መንገድ ዋናው የአዲስ አበባ መስመር ስለሆነ በደሴ፣ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ውርጌሳ እያለ ወደ ሰሜን ይዘልቃል፤ አንዱ ሚኒባስ ባይሞላ ሌላው ይመጣል። የጋሸናው መስመር ከፍታ ነው፤ በክረምት ጉም ይወርድበታል፣ ከቀትር በኋላ መኪና ይሳሳል። ወልድያ ለሚገባ ሰው እንግዲህ ሁለቱንም ማመዛዘን ያስኬዳል። ሐብሩ ለሚገባ ግን ክርክር የለውም፤ የሐብሩ ከተማ መርሳ ከወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ወደ ደሴ ስለሆነች ከኮምቦልቻ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ናት። በላሊበላ የመጣ የመርሳ ልጅ ወልድያን አልፎ፣ ስሪንቃን አቋርጦ ወደ ኋላ ይመለሳል።

9. ተረት፦ «ቦሌ ከገባሁ ቤቴ ገባሁ።»

እውነታ፦ ከአዲስ አበባ ወልድያ 520 ኪሎ ሜትር ነው፤ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማበር፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ በኩል። የረጅም መንገድ አውቶብስ ጎህ ሳይቀድ ስለሚወጣ ጠዋት ቦሌ ያረፈ ሰው የዚያን ቀኑን አይደርስበትም። የሚቀረው አንድ ሌሊት ማደር ወይም ኮምቦልቻ መብረር ነው።

መብረሩን ከመረጡ ሁለቱን በረራ በአንድ ቲኬት ያስቆርጡ። በአንድ ቲኬት ሲሆን የመጀመሪያው ቢዘገይ ወደ ቀጣዩ ማዛወር የአየር መንገዱ ኃላፊነት ነው፤ ጓዙም በውጭው ልክ ይታያል፣ እሱም በብዙው መስመር ሁለት ሻንጣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። ለየብቻ ከተቆረጠ ግን ያመለጠዎትን ከፍለው ይተካሉ፤ የአገር ውስጡ ሚዛንም ከውጭው ያነሰ ስለሆነ ለእናት የመጣው ብርድ ልብስ በትርፍ ኪሎ ይከፈልበታል።

መንገዱን ደግሞ ከቤተሰብ ይጠይቁ። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ በነበረው ጦርነት በረራም መንገድም ተቋርጦ ነበር፤ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ባለው ግጭትም መንገድ በድንገት የሚዘጋበት ቀን አለ። ከመነሳትዎ በፊት ባለው ማታ ቤት ይደውሉ፤ ለመመለሻም ከበረራዎ በፊት ትርፍ ቀን ይያዙ። በጨለማ አይጓዙ።

10. ተረት፦ «ዘንድሮ በባቡር ነው የምንገባው።»

እውነታ፦ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግንባታው የተሰጠው ለቱርኩ ያፒ መርኬዚ ነው። ወልድያ መንገደኛ የሚያመላልስ ባቡር ግን የለም። የዘንድሮውን ጉዞ በጎማ ያስቡት።

ከእነዚህ አሥር ነገሮች አብዛኞቹን የሚመልሰው በእጅዎ ያለው ወረቀት ነው። ስሙ፣ የመደቡ ፊደል፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የጓዙ ልክ ሁሉ እዚያው ተጽፏል። ቲኬቱ የደረሰዎት ዕለት ለደላላም ለወንድምም ከመስጠትዎ በፊት ራስዎ ያንብቡት፤ ማንበብ የሚከብዳቸው እናት ከሆኑ ቀኑንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር በአማርኛ ጽፈው ፓስፖርቱ ውስጥ ያስቀምጡላቸው። «ጁላይ 12፣ 01:15» የሚለው በረራ ሐምሌ 4 ማታ ቦሌ መገኘትን የሚጠይቅ መሆኑን ያወቀ መንገደኛ አውሮፕላን አያመልጠውም።