«እንብላ»፦ የዘወትር ራት ከቤት መሶብ እስከ ምግብ ቤት ትሪ

(ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ገለጻ፤ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ዛሬ የማቀርብላችሁ ርእሰ ጉዳይ ተራ ሊመስል ይችላል፤ ስለ ራት ነው። ያውም የምናገረው ስለ ግብዣ ሳይሆን፣ ሰው ውሎ ሲገባ ስለሚበላው የዘወትር ራት ነው። ታሪካችን ገበታን ሲያነሣ በአመዛኙ የሚያወሳው ግብርን ነው። ነገሥታቱ መኳንንቱንና ሠራዊቱን በአዳራሽ በየተራ ያበሉበት ሥርዓት በዜና መዋዕሎችም በመንገደኞች ማስታወሻም ተጽፏል። በሽሮና በጎመን የተበላው የማክሰኞ ራት ግን ጸሐፊ አላገኘም። እኔ ደግሞ ማኅበረሰብ ራሱን ይበልጥ የሚገልጠው በዚህ ባልተጻፈው ራት ነው የሚል አሳብ አለኝ።

መነሻዬ አንዲት ቃል ናት፤ «እንብላ»። በምሥራቅ ጎጃም ገጠርም ሆነ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ከተማ፣ እየበላ ያለ ሰው ሌላ ሰው ሲመጣበት ይህን ሳይል አይቀርም። የቃሏን አሠራር እንመልከት። «ብላ» ወይም «ብሉ» ትእዛዝ ነው፤ አብዪውንና በዪውን ይለያል። «እንብላ» ግን ተናጋሪውንና ተጋባዡን በአንድ ግስ ውስጥ አጣምሮ ያስቀምጣል። ምግቡ የእኔ ነው፣ አንተ እንግዳ ነህ አይልም። ጥያቄዬም ከዚህ ይነሣል፤ ራት ከቤት ወጥቶ ምግብ ቤት ሲገባ ቃሏ አብራ ወጥታለች፤ ሥራዋስ?

በመጀመሪያ የቤቱን ገበታ እንይ። አሜሪካዊው የሰው ልጅ ጥናት ባለሙያ አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ያካሄደውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ሲያሳትም፣ ትኩረቱ የመሬት ሥሪት ቢሆንም፣ ለቤተሰብ ትልቅ ስፍራ ሰጥቷል። ቤተሰብ በጎጃም ገበሬ ዘንድ የደም ዘመድ ስብስብ ብቻ አይደለም፤ በአንድ አባወራ ሥር አብሮ የሚሠራና አብሮ የሚበላ ሁሉ፣ አሽከሩም ጭምር፣ የቤቱ ሰው ነው። ስለዚህ መሶቡ የቤተሰቡ መገልገያ ከመሆን አልፎ ማን የቤቱ ሰው እንደሆነ የሚታይበት ቦታ ነበር።

ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ሊቅ ጌኦርግ ዚመል እ.ኤ.አ. በ1910 ስለ ማዕድ በጻፈው አጭር ድርሳን አንድ ተቃርኖ አሳይቷል። አንዱ የዋጠውን ሌላው ሊውጠው አይችልም፤ በዚህ በኩል መብላት ከሁሉ የበለጠ የግል ነገር ነው። ሁሉም ሰው ስለሚበላ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ የጋራ ነገር ይሆናል። ዚመል የግል ሳሕን የግለሰብን ድንበር የሚያከብር የሥልጣኔ ምልክት እንደሆነ፣ የጋራ ገበታ ግን ያንን ድንበር እንደማያውቅ አድርጎ ተመልክቶታል። በዚህ ላይ የእኛ መሶብ መልስ አለው። እንጀራው አንድ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ በፊት ለፊቱ ካለው ይቆርሳል፤ ወደ ሌላው አያሻግርም፣ በግራ እጁ አይነካም፣ አይጣደፍም። ወጡንም የቤቱ እመቤት ታወጣለች እንጂ በላተኛው አይሻማም። ድንበሩ አለ፤ የተሠራው ግን ከሸክላ ሳይሆን ከይሉኝታ ነው። ድንበሩን በፈቃድ የሚያልፈው ጉርሻ ብቻ ነው። «አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ጉርሻ ያፋቅራል» የሚባለውም ድንበር ማለፍ በአንድ ጊዜ ስለማይጸና ይመስለኛል።

ይህን ስል ገበታውን ከእውነቱ በላይ ላሳምረው አልሻም። ያበሰለችው ሴት በመጨረሻ ትበላ ነበር። ልጆች ኩራዝ ይዘው ወይም ውኃ ለማስታጠብ ቆመው ትልልቆቹ እስኪጨርሱ ይጠብቁ ነበር። መሶቡ አንድ ያደርጋል፤ ደረጃም ያበጃል።

የቤቱ ራት በቤቱ ሰው ብቻ ተወስኖ የቀረ አልነበረም። ከቤት ተበስሎ ውጭ የሚበላበት ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው አገልግል ነው። በቆዳ የተለበጠው ይህ የስፌት ዕቃ እንጀራውን ከነወጡ ይዞ መንገደኛውን ይከተለዋል። መንገደኛውም ዛፍ ጥላ ሥር ሲከፍተው አጠገቡ ላረፈው ሁሉ «እንብላ» ይላል። ሁለተኛው፣ ለጎጃም ከሁሉ የሚቀርበው፣ የቆሎ ተማሪው አኩፋዳ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅን የመሳሰሉ የቅኔና የመጻሕፍት ጉባኤ ቤቶች ለዘመናት ተማሪ ያፈሩት በዚህ ሥርዓት ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል፤ የመንደሩ ሰውም ከራቱ ቆርሶ ይሰጠዋል። ማታ በጎጆው አኩፋዳው ሲገለበጥ የብዙ ቤት ራት በአንድ ላይ ይገናኛል፤ የነጭ ጤፉ፣ የዳጉሳው፣ የጮቄ ግርጌ የገብሱ ቁራሽ። ሐዲስ ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. በ1966 ገደማ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህን ታሪክ ከዚህ የተማሪ ዓለም ጋር አያይዘውታል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። የቆሎ ተማሪ ዘመድ ካለበት አገር ሸሽቶ የሚማር ባይተዋር ነው። ይኸው ባይተዋር የቤቱ ሰው ሳይሆን ከቤቱ ራት ድርሻ ነበረው። ድርሻውን ለመጠየቅም ገንዘብ ሳይሆን አንድ የታወቀ ቃል ይበቃው ነበር።

አሁን ወደ ምግብ ቤቱ እንሂድ። በሰው ፊት፣ በገንዘብ ገዝቶ መብላት በአገራችን ለረጅም ጊዜ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። የቡዳ ፍርሃት፣ የሰው ዓይን፣ በጋቢ ተከልሎ የመብላት ልማድ፣ ሁሉም ከዚህ ጋር የተያያዙ ናቸው። እቴጌ ጣይቱ ብጡል እ.ኤ.አ. በ1907 አዲስ አበባ ላይ ሆቴል ሲያስከፍቱ መኳንንቱ ለመግባት አፍረው ስለነበር፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው አስከትለዋቸው ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው አርአያ ሆኑ ተብሎ ይተረካል። ዛሬ ያ ነውር የለም። ደብረ ማርቆስ ተማሪና ሠራተኛ የሚበዛባት ከተማ በመሆኗ፣ ማታ ማታ ሽሮ ተጋቢኖና በያይነቱ የሚቀርብባቸው ቤቶች የብዙ ሰው የራት ቤት ሆነዋል።

ይህ ለውጥ ያመጣውን መልካም ነገር መካድ አይገባም። በምግብ ቤት ትሪ ዙሪያ ሴቷ እንደ ወንዱ ቁጭ ብላ እኩል ትበላለች፤ ምንም እንኳ በጓሮ ጢስ ውስጥ የምትጋግረው ሌላ ሴት ብትሆንም። የጾም በያይነቱም ሌላ በር ከፍቷል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ምስሩ፣ ክኩና ጎመኑ በቀረቡበት ትሪ ግን አብረው ሊቀመጡ ይችላሉ። ረቡዕና ዓርብ፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ የፍልሰታም 15 ቀናት የከተማውን ምግብ ቤቶች ምናሌ ወደ አንድ ስለሚሰበስቡት፣ ይህ ዕድል አንዳንዴ ብቻ የሚገኝ አይደለም።

የጠፋውስ ምንድን ነው? እዚህ ላይ ነው የጉዳዩ ክብደት። በቤት ገበታ «እንብላ» የሚለው ቃል የንግግሩ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አልነበረም። ተጋባዡ «ይስጥልኝ፣ በልቻለሁ» ይላል። ይህን የሚለው የጠገበውም የተራበውም ነው፤ ክብር ያስገድደዋልና። ባለቤቱ «በሞቴ» ይላል፤ ተጋባዡ እንደገና እንቢ ይላል፤ እመቤቲቱ «አፈር ስሆን» ትጨምራለች። በሦስተኛው ላይ የጠገበው አንድ ጉርሻ ወስዶ ያመሰግናል፤ የተራበው ግን ይቀመጣል። ይህ ልመና ባዶ ወግ አልነበረም። ረኀብተኛው «ርቦኛል» ሳይል፣ ክብሩም ሳይነካ እንዲበላ የሚያደርግ ረቂቅ መሣሪያ ነበር።

በምግብ ቤት ውስጥ ልውውጡ በመጀመሪያው ዙር ይቆማል። አንዱ «እንብላ» ይላል፤ ሌላው «ይስጥልኝ» ብሎ ያልፋል። የሚለምን የለም፤ ምክንያቱም ተጨማሪ ሰው ማለት ተጨማሪ ሒሳብ ነው። በቤት መሶብ አምስተኛ ሰው ሲመጣ አራቱ ትንሽ ጠጋ ይላሉ፤ እንጀራው አይጨምርም፣ ድርሻው ይቀንሳል። በምግብ ቤት ግን ሰው ሲጨምር ዋጋው ይጨምራል፤ ዋጋውንም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ይከፍለዋል። የመክፈል ተራው ደርሶበት ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ደግሞ «ጥናት አለብኝ»፣ «ቀጠሮ አለኝ» እያለ ከራት ሰዓት መራቅ ይጀምራል። የቆሎ ተማሪው ደጅ ላይ ቆሞ ይታይ ነበር፤ የዛሬው ያጣ ተማሪ ግን በመቅረቱ ብቻ ነው የሚታወቀው። የቀረን ሰው ደግሞ ማንም አይቆጥረውም።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ወደ ድሮው እንመለስ የሚል አይደለም። ሴቷን ወደ መጨረሻው ተራ፣ ልጁንም ወደ ኩራዝ ያዥነት የሚመልስ ናፍቆት አይጠቅመንም። የምለው ሁለት ነገር ነው። ለተመራማሪዎቻችን፦ ስለ ምግብ ስንጠይቅ «ምን በላችሁ?» ብቻ ሳይሆን «ከማን ጋር? ትናንት አብሯችሁ በልቶ ዛሬ የቀረው ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። በጣና ዳር በዘጌ ጥናት ያደረገው ቶም ቦይልስተን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው መጽሐፍ ጾምን፣ ምግብንና እንግድነትን አያይዞ እንዳየው ሁሉ፣ የከተማው ራትም ተመልካች ያስፈልገዋል። ለተማሪዎች ደግሞ፦ ሦስት ሆናችሁ አንድ በያይነቱ ተካፍላችሁ የምትበሉት ከእጥረት የተነሣ ቢሆንም፣ የምታፍሩበት ሳይሆን መሶቡ በአዲስ መልክ የቀጠለበት ነው። አራተኛው «በልቻለሁ» ሲላችሁ ግን በመጀመሪያው መልስ አትለፉት፤ ሁለት ጊዜ ጨምራችሁ ለምኑት።

 ቀሪውን ጊዜ ለጥያቄና ለአስተያየት ትቻለሁ።