ሊዱ ለምን ይሰበራል?

በዳላስና በፎርት ወርዝ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ በኦገስት፣ ቴክሳስ ለጥቂት ቀናት ከትምህርት ዕቃ ላይ የሽያጭ ታክስ ታነሣለች። ጋርላንድና ሪቻርድሰን የሚኖሩ ሐበሻ ወላጆችም ከትምህርት ቤት የተላከውን ዝርዝር ይዘው ገበያ ይወጣሉ። ደብተሩና ላጲሱ አያስቸግርም። የሜካኒካል ፔንሲል ሊድ ጋ ሲደርሱ ግን 0.5፣ 0.7፣ ኤችቢ፣ 2ቢ የሚል ጽሑፍ ይጠብቃቸዋል። ብዙ ሰው የሚያየው ዋጋውንና የፋብሪካውን ስም ነው። እኔ መጀመሪያ ቁጥሩን እዩ እላለሁ፤ ልጁ «ሊዱ ተሰበረ» እያለ የሚማረርበት ዋናው ምክንያት እዚያ ላይ ተጽፏልና።

ቁጥሩ ውፍረቱን በሚሊሜትር ይነግረናል። ቀጭን ዘንግ ከጎን ሲጫኑት የሚችለው ኃይል የሚያድገው በውፍረቱ ኪዩብ ልክ ነው፤ ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ጥንካሬው ስምንት እጥፍ ይሆናል። 0.5 የሚባለው ሊድ በትክክል ሲለካ 0.56 ገደማ፣ 0.7 የሚባለውም 0.7 ገደማ ነው። ልዩነቱ ለዓይን እንኳ አይሞላም፤ ወፍራሙ ግን ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ጫና ይችላል። ርዝመቱም ከባድ ድርሻ አለው። ሁለት ሚሊሜትር የወጣ ሊድ አንድ ሚሊሜትር ብቻ ከወጣው በግማሽ ጫና ይሰበራል። ስለዚህ እጁ የሚከብድ ልጅ 0.7 ይያዝ፣ ሊዱን የሚያወጣውን ቁልፍም ደጋግሞ አይጫን። ቁጥሮችን አቀራርቦ ለሚጽፍ ወይም ፕላን ለሚነድፍ 0.5 ይሻላል።

ፊደሉ ሌላ ነገር ይናገራል። ፈረንሳዊው ኒኮላ ዣክ ኮንቴ በ1795 ግራፋይትን ከሸክላ አፈር ጋር አዋሕዶ በእቶን መተኮስን ካስተማረ ወዲህ፣ ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፣ ይደበዝዛል፤ ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል። ኤች ጠንካራው፣ ቢ ጥቁሩ ነው፤ አሜሪካ ቁጥር 2 የምትለው ለኤችቢ የቀረበ ነው። ሸክላ ግን እንደ 0.5 ላለ ቅጥነት አይመችም። በ1960 የጃፓኑ ፔንቴል በሸክላው ፋንታ ሙጫ መሰል ፖሊመር ተጠቀመ። ፖሊመሩ በእቶን ውስጥ ራሱ ወደ ካርቦን ተለውጦ ግራፋይቱን አጥብቆ ይይዛል። ዛሬ የምንገዛው ቀጭን ሊድ በአብዛኛው የዚህ ዘዴ ውጤት ነው። በዚያ ሁሉ ሙቀት ያለፈ ነገር የዳላስ በጋ መኪና ውስጥ ቢረሳ አይለሰልስም፤ የሚጎዳ ካለ ፕላስቲክ እጀታው ነው።

ለቤት ሥራ ኤችቢ ወይም ቢ ይበቃል። 2ቢ ደማቅ ነው፤ ግን ቶሎ ያልቃል፣ በተለይ በግራ እጁ የሚጽፍ ልጅ መዳፉ በመስመሩ ላይ ስለሚያልፍ ገጹን ያቆሽሽበታል።

የፈተና ነገር ለብቻው ይታይ። በ1930ዎቹ መጨረሻ የወጣው የአይቢኤም 805 የፈተና ማረሚያ ማሽን መልሱን የሚያነበው ግራፋይት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ነበር፤ በኋላ የመጡት ማሽኖች ጥቁሩን ቀለም በብርሃን ይለያሉ። የቴክሳስ ተማሪዎች የሚወስዱት ስታር ፈተና ከ2023 ጀምሮ ከሞላ ጎደል በኮምፒውተር ሆኗል። የኮሌጅ መግቢያውን ፈተና ኤሲቲን በወረቀት የሚፈተን ልጅ ግን የተቀረጸ፣ ከእንጨት የተሠራ ቁጥር 2 እርሳስ ይዞ ይሂድ፤ ደንቡ ሜካኒካል ፔንሲል አይፈቅድም።