ከመብራትዎ አይቅደሙ

ከባሕር ዳር በመራዊ በኩል ወደ ዳንግላ ሲጓዙ ዱርቤቴ ላይ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መንገድ አለ። የአቸፈርን ምድር አቋርጦ ጣና ዳር ካለችው የወደብ ከተማ ከቁንዝላ ያደርሳል። ከሐይቁ የሚጠለፈው ውኃ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውንና 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ያንቀሳቅሳል፤ ከከተሞቹ ሲወጡ ግን የመንገድ መብራት የለም። ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ሹፌሩ ያለው ብርሃን መኪናው ተሸክሞት የመጣው ብቻ ነው። ከገበያ የሚመለስ ሰው፣ ወደ ቤት የሚነዳ ከብት፣ መብራት የሌለው ጋሪ፣ ተበላሽቶ ጥግ የያዘ አይሱዙ፣ ሁሉም በዚያ ብርሃን ውስጥ ካልገቡ አይታዩም። ስለዚህ በየምሽቱ የምናበራውን ይህን ዕቃ በቅጡ ማወቅ የሕይወት ጉዳይ ነው።

በመንገዶቻችን ላይ ከሚመላለሱት የቆዩ ቶዮታዎች፣ አባዱላዎችና ፒክአፖች ብዙዎቹ የሚያበሩት ኤች 4 በሚባለው የሃሎጅን አምፖል ነው። ይህ አምፖል እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣ ሲሆን በውስጡ ሁለት ጥቅል ሽቦዎች አሉት። ባለ 60 ዋቱ ለረጅሙ፣ ባለ 55 ዋቱ ለአጭሩ መብራት ነው። አምፖሉን አውጥተው ቢያዩት ከአጭሩ ሽቦ ሥር ማንኪያ መሰል ትንሽ ብረት ያገኛሉ። ሥራው ብርሃኑ ወደ ታችኛው የመስተዋቱ ግማሽ እንዳይሄድ መከለል ነው። ያ ግማሽ ብርሃን ቢያገኝ ኖሮ ሽቅብ መልሶ ከፊት በሚመጣው ሹፌር ዓይን ላይ ይረጨው ነበር። ከአምፖሉ ጀርባ ያለው ጎድጓዳ መስተዋትም የተቀረጸው ሽቦው ከተወሰነለት ቦታ ላይ እንደሚቀመጥ ታስቦ ነው። ሽቦው በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ቢዛነፍ ብርሃኑ መንገዱን ይስታል።

አጭር መብራት ግራና ቀኙን እኩል አያበራም። ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ የምትነዳ አገር ስለሆነች መብራቱ በግራ በኩል ዝቅ ብሎ ተቃራኒውን ሹፌር ያሳልፋል፤ በቀኝ በኩል ከፍ ብሎ የመንገዱን ዳርና እግረኛውን ያሳያል። እንደ ጃፓንና እንግሊዝ በግራ ለሚነዱ አገሮች የተሠራ መብራት ግን ተገላቢጦሽ ነው። ከዚያ የመጣ መኪና መብራቱ ካልተቀየረለት በእኛ መንገድ ላይ መጪውን ሰው እያሳወረ የራሱን ዳር በጨለማ ይተወዋል።

ታዲያ ይህ ብርሃን ምን ያህል ያስኬዳል? ጤነኛ አጭር መብራት በየ10 ሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ ይሄዳል። መብራቱ ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ከሆነ የብርሃኑ ጫፍ 70 ሜትር ላይ መሬት ይነካል። ጫፉ ደረሰ ማለት ግን ነገር ይታያል ማለት አይደለም፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ለተመሳሳይ ድምቀት አራት እጥፍ ብርሃን ያስፈልጋልና። ጥቁር ልብስ የለበሰ እግረኛ ብዙ ጊዜ የሚለየው ከ50 ሜትር ባነሰ ርቀት ነው። ነጭ ጋቢ የለበሰው ከዚያ በጣም ርቆ ይታያል።

አሁን ፍጥነቱን እንመልከት። ሹፌር አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢወስድበት፣ በደረቅ አስፋልት ላይ በ60 የሚነዳ መኪና ለመቆም 45 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በ80 ሲሆን 70 ሜትር፣ በ100 ሲሆን ወደ 100 ሜትር ይጠጋል። በጠጠርና በእርጥብ መንገድ ላይ ይህ ሁሉ ይረዝማል። በአጭር መብራት 80 መንዳት እንግዲህ ፍሬን ይዞ ሊደረስበት ወደማይቻል ጨለማ መግባት ነው።

ያለንን ብርሃን ራሱን የሚበሉ ነገሮች አሉ። የዛሬ መብራቶች ሽፋን ፕላስቲክ ነው፤ ዓመታት ፀሐይ ሲመታው እንደ ዓይን ሞራ ይጋርዳል። የአሜሪካ የመኪና ባለንብረቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባደረገው ፍተሻ በጣም የደበዘዘ ሽፋን ያለው መብራት ከአዲሱ ብርሃን ሩብ እንኳ እንደማይሰጥ አሳይቷል። በደቃቅ የውኃ ብርጭቆ ወረቀት ተፍቆና ተወልውሎ መከላከያ ቢቀባ አብዛኛው ይመለሳል። የዛገ ሽቦና የደከመ ዲናሞም ያጎድላሉ። ወደ አምፖሉ የሚደርሰው ቮልቴጅ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይወርዳል።

ከሁሉ በላይ ችላ የምንለው የመብራቱን አቅጣጫ ነው። መብራቱ በአንድ ዲግሪ ብቻ ወደ ታች ቢያጎነብስ የ70 ሜትሩ ብርሃን ወደ 25 ሜትር ያጥራል። በአንድ ዲግሪ ቀና ቢል 50 ሜትር ላይ ከ1 ሜትር ከፍታ ያልፋል፤ ያ የመጪው ሹፌር ዓይን ያለበት ከፍታ ነው። እህል የጫነ ፒክአፕ ኋላው ሲሰምጥ ፊቱ ይነሣል፤ አጭር ያደረገው መብራቱ እንደ ረጅም የሚወጋው ለዚህ ነው። ብዙ መኪኖች ከመሪው አጠገብ ከ0 እስከ 3 የተጻፈበት ትንሽ ማዞሪያ አላቸው፤ ጭነት ሲበዛ ቁጥሩን መጨመር መብራቱን ዝቅ ያደርገዋል። መፈተሻውም ቀላል ነው። መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ያቁሙ፤ የመብራቱን መሐል ከፍታ ለክተው ከዚያ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብለው ግድግዳው ላይ በጠመኔ ያስምሩ። የአጭሩ ብርሃን የላይኛ ጫፍ በግራ በኩል ከመስመሩ ላይ ማረፍ አለበት። ካላረፈ ከመብራቱ ጀርባ ባለው ብሎን ይስተካከላል።

ብዙ ባለንብረት መብራቱ ሲደክምበት የሚሮጠው ኤልኢዲ አምፖል ገዝቶ ለመሰካት ነው። ኤልኢዲ ሲጀመር ለራሱ በተሠራ መብራት ውስጥ እጅግ ጥሩ ነው። ለሃሎጅን በተቀረጸ መስተዋት ውስጥ ሲሰካ ግን የብርሃኑ ምንጭ የሽቦውን ቦታና ቅርጽ ስለማይይዝ ብርሃኑ ይበተናል፤ ለነጂው የደመቀ ይመስለዋል፣ ሩቁን ግን አያሳየውም፣ መጪውንም ያሳውራል። አዲስ መኪና መሆንም ብቻውን ዋስትና አይደለም። የአሜሪካው የመንገድ ደኅንነት ኢንሹራንስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 የ31 መካከለኛ መኪኖችን መብራት ሲመዝን ጥሩ የሚል ውጤት ያገኘው ቶዮታ ፕሪየስ ቪ ብቻ ነበር፤ እሱም በኤልኢዲ መብራቱ እንጂ ያው መኪና በሃሎጅን መብራቱ ደካማ ተብሏል።

ረጅም መብራት የተሠራው ለእንዲህ ያለ ጨለማ መንገድ ነው፤ መጪ በሌለበት ይጠቀሙበት። መጪ ሲታይ በጊዜ አጭር ያድርጉ፤ እሱ አላጠፋም ብሎ መልሶ መውጋት ሁለት የታወሩ ሹፌሮችን ያገናኛል። ፍጥነት ቀንሰው ዓይንዎን በቀኝ በኩል ወዳለው የመንገዱ ጠርዝ ይጣሉ። ጭጋግና ዶፍ ሲሆን ደግሞ ረጅሙ ብርሃን ከጠብታዎቹ ነጥሮ ወደ ራስዎ ይመለሳልና በአጭሩ ይነዳል።

ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ መብራቱ መብራቱን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ወዴት እንደሚያበራም መለካት አለበት። ያ እስኪሆን ሥራው የሹፌሩና የባለንብረቱ ነው። ሽፋኑን ይወልውሉ፣ ከፍታውን ያስለኩ፣ የመኪናውን ትክክለኛ አምፖል ያስገቡ፤ በአጭር መብራት ሲነዱም ከ60 በታች ይሁኑ። ጥቁር ልብስ ለብሶ በመንገድ ዳር የሚሄደው እግረኛ በሕይወት ቤቱ የሚገባው መኪናው ለመቆም የሚፈልገው ርቀት መብራቱ ከሚያሳየው ሲያንስ ብቻ ነው።