ሰጪና ተቀባይ

አዝማሪ ደባርቅም ሆነ ዳባት ሰርግ ቤት ሲገባ ማሲንቆውን፣ ጉሮሮውንና ጆሮውን ይዞ ነው። ግጥሙን ግማሹን ከዳሱ ይለቅመዋል። ጠላው ሁለት ሦስቴ ከዞረ በኋላ ከተቀመጡት አንዱ ብድግ ይልና «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው ደጋኑን ያለዝብና አንገቱን ወደ ተናጋሪው ያዘነብላል። ሰጪው የመጀመሪያውን ስንኝ ይናገራል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይደግመዋል። ሁለተኛው ስንኝ እስኪመጣ ዳሱ ጆሮውን ያቆማል፤ ቤት የሚመታው፣ ስም ሳይጠራ ሰውዬውን የሚያሳውቀው እሱ ነዋ። ሲወርድ ሳቁና እልልታው ይቀልጣል። ሰጪው ብሩን ከአዝማሪው ግንባር ላይ ለጥፎ ይቀመጣል። ትንሽ ቆይቶ ነገሩ የነካው ሰው ከወዲያ ማዶ ይነሳና እሱም በተራው «ተቀበል!» ይላል።

በሁለት ስንኝ ብዙ ነገር ይባላል። አማች አማቱን ያመሰግናል፤ ለቅሶ ያልደረሰ ወዳጅ ይወቀሳል፤ ፊት ለፊት ቢነገር ጠብ የሚያስነሳ ቅሬታ በማሲንቆ ታጅቦ ይነገርና ተሰሚው ስቆ ይቀበለዋል። ቃሉ የሰጪው ነው፣ ድምፁ የአዝማሪው፣ ፍቺው የአድማጩ። ሦስቱ ካልተገናኙ ዘፈኑ የለም። የስሜን ተራሮች ግርጌን ሙዚቃ ለማጥናት የሚነሳ ሰው ከሁሉ በፊት ይህን ቢያውቅ እላለሁ፤ ሥራቸው እስከ ዛሬ የሚነበብላቸውና የሚታይላቸው አጥኚዎችም ከዜማው ጋር ይህን ዝምድና ያዩ ናቸው።

መሣሪያው ራሱ ለዚህ ጨዋታ የተበጀ ይመስላል። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ከፈረስ ጭራ ተጎንጉኖ የተሠራ ነው። ገላው አራት ማዕዘን ሆኖ በአንድ ጫፉ የቆመ የእንጨት ሣጥን ሲሆን ፊቱ በቆዳ ይወጠራል። ደጋኑም ጭራ ነው። ጭራ በጭራ ላይ ዝም ብሎ ቢሳብ ይንሸራተታል እንጂ አይጮህም፤ ስለዚህ አዝማሪ ከመጫወቱ በፊት ደጋኑን በእጣን ያሸዋል። የግራ እጁ ጣቶች ክሩን ከእንጨቱ ጋር አያጣብቁትም፤ ከጎኑ ይነኩታል፣ ይለቁታል። ድምፁ እየተንሸራተተ እንደ ሰው ጉሮሮ የሚያለቅሰውና የሚያሾፈው በዚህ ምክንያት ነው። ቅኝቱም ለድምፃዊው ይታዘዛል፤ አዝማሪው ያን ቀን ድምፁ የቆመበትን ቦታ አይቶ ክሩን ያጠብቃል ወይም ያላላል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬ፣ አምባሰል እያልን የምንጠራቸውን አራት ቅኝቶች ሲንቲያ ኪምበርሊን በማሲንቆ ተጫዋቾች እጅ ላይ አጥንተው በእ.ኤ.አ. 1976 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አቅርበዋል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራች አሸናፊ ከበደ ደግሞ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብለው አዝማሪን ገጣሚም ሙዚቀኛም አድርገው ለውጭ አንባቢ ያስተዋወቁበትን ጽሑፍ አሳትመዋል። ሁለቱን ሙያ በአንድ ስም መጥራታቸው ትልቅ ነገር ነበር። ግጥሙን ለሥነ ጽሑፍ፣ ዜማውን ለሙዚቃ ክፍል ቆርሶ መስጠት አዝማሪውን ለሁለት መሰንጠቅ ነውና።

የግጥሙን አሠራር ለማያውቅ አንዲት ግጥም ልስጥ፤ ለዚህ ጽሑፍ ስል ራሴ የገጠምኳት ናት።

ዘመድ የለኝ ብዬ ስቅበዘበዝ ኖሬ፣
ስሜን አገኘሁት ደባርቅ ላይ አድሬ።

ሰሙ፣ ላይ ላዩን የሚሰማው ትርጉም፣ መንገደኛ ነው፤ ደባርቅ አድሮ የስሜንን አገር አየ። ወርቁ፣ የተሰወረው ትርጉም፣ ሳይታወቅ የኖረ ሰው ነው፤ ደባርቅ ላይ በስሙ ተጠራ። ይህችን ግጥም ለብቻዋ ወረቀት ላይ ብትጽፏት እንቆቅልሽ ሆና ትቀራለች። ሰጪው የእንጀራ ልጅ ሆኖ ያደገ፣ አሁን ግን አማቶቹ በወግ የተቀበሉት ሙሽራ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ዳሱ ውስጥ ዓይኑን የሚጠርግ ሽማግሌ አይጠፋም። መዝጋቢው ሰጪው ማን እንደሆነና ለማን እንደተናገረ ካልጻፈ የያዘው ሰሙን ብቻ ነው።

ይህ የሰጪ፣ የአዝማሪና የአድማጭ ዝምድና አደጋም ነበረበት። ካሣ ኃይሉ ገና አፄ ቴዎድሮስ ሳይባል፣ በእ.ኤ.አ. 1852 ጉር አምባ ላይ ከደጃዝማች ጎሹ ጋር ሲዋጋ የጎሹ አዝማሪ በግጥም ሰድቦት ነበር። ጎሹ ወደቁ፤ አዝማሪው ተማረከና ቃሉ ሕይወቱን አስከፈለው። ከሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ ካሣ የስሜኑን ገዥ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥቶ፣ ውቤ ራሳቸው ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ነገሠ። ወደዚህ ዘመን ጠጋ ስንል ደግሞ የስሜኑ ደጃዝማች አያሌው ብሩ አሉ። በእ.ኤ.አ. 1930 በአንቺም ጦርነት ለማዕከላዊው መንግሥት ወግነው ራስ ጉግሣ ወሌን ተዋጉ፤ የጠበቁትን የራስነት ማዕረግ ግን አላገኙም። የታሪክ መጽሐፍ ይህን በአንድ አንቀጽ ይነግረናል። ሕዝቡ ግን ሰው አማኝነታቸውን በግጥም ያዘውና ዛሬም ስማቸው ሲነሣ ግጥሙ አብሮ ይነሣል። እቴጌ ጣይቱ ብጡልም በአባታቸው የስሜን ሰው ናቸው፤ በገና ይደረድሩ፣ ቅኔ ያውቁ ነበር። በእነዚህ ተራሮች ዙሪያ ሥልጣንና ዜማ ተራርቀው አልኖሩም።

አዝማሪው ራሱ ግን በሚያሞግሳቸው ዘንድ እንደ እኩያ ሰው አልተቆጠረም። ይጋበዛል፣ ይሸለማል፣ ልጅ ግን ላይሰጠው ይችላል። ስለዚህ ሙያው በቤተሰብ ይወርዳል፤ ልጁ ከአባቱ፣ ከአጎቱ ማሲንቆ ይማራል። ከሙያው ጋር ሌላው ሰው የማይሰማው የምስጢር ቋንቋም ይወርሳል። የቋንቋ ሊቁ ዎልፍ ሌስላው ይህን የአዝማሪዎች ቋንቋ መዝግበው በእ.ኤ.አ. 1952 አሳተሙት፤ በ1964 ደግሞ ከሌሎች የኢትዮጵያ የምስጢር ቋንቋዎች ጋር በመጽሐፍ አወጡት። ዳሱ ውስጥ ሁሉም ሰው ለአዝማሪው ይናገራል፤ ሁለት አዝማሪዎች ግን ማን ለጋስ፣ ማን ቋጣሪ እንደሆነ ማንም ሳያውቅባቸው ይነጋገራሉ። ይህ ቋንቋ የመከበሪያ አጥራቸው ነው። በመታተሙ አጥሩ ተነቅሏል የሚል ካለ ቅር አልሰኝም፤ የአጥኚና የተጠኚ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ አለበት።

ከማሲንቆ ወደ ቴአትር የሚያሻግረን በእ.ኤ.አ. 1932 ጎንደር የገባው የፈረንሳዮች የጥናት ቡድን ነው። ከዳካር ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ያቋረጠው ይህ ቡድን በማርሴል ግሪዮል ይመራ ነበር። ከአባላቱ አንዱ ደራሲው ሚሼል ሌሪስ ነበሩ። ሌሪስ ጎንደር ላይ በነበሩባቸው ወራት በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት መልካም አየሁ ከሚባሉ የዛር ባለሙያ ቤት እየሄዱ ያዩትንና የሰሙትን ይጽፉ ነበር። ቡና ይፈላል፣ ከበሮ ይመታል፣ ጭብጨባው ይሞቃል፤ ዛሩ «ፈረሱ» ላይ ይወጣል፣ ፈረሱ የሚባለውም የተያዘው ሰው ነው። ጉሪው ይጀመራል፤ አንገት ይወዛወዛል። ከዚያ ዛሩ ይፎክራል፣ ስሙን ይናገራል፣ ልብስና ሽቶ ይጠይቃል። ሴቲቱ በወንድ ጀግና ድምፅ ስትፎክር ጎረቤቶቿ ያንኑ ጀግና ያናግራሉ።

ሌሪስ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በእ.ኤ.አ. 1958፣ ይህን ሁሉ ከቴአትር ጋር አያይዘው መጽሐፍ አሳተሙ። የጠየቁት ጥያቄ ዛሬም ያስደንቀኛል፦ ሰውየው እየተጫወተ ነው ወይስ በእርግጥ ተይዟል? መልሳቸው በመካከል ያለ ነገር ነው የሚል ነበር። መድረክ ላይ ከሚጫወቱት ቴአትር ለይተው በሕይወት የሚኖሩት ቴአትር አሉት። እኔ የምጨምረው አለ፤ ተመልካቹ ዛሩን ካላናገረው፣ ካልለመነው፣ ካልሰጠው ዛሩም አይቆይም። እዚህም ሰጪና ተቀባይ አሉ። ያው ቡድን ከጎንደር አባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን አስነሥቶ ወደ ፓሪስ መውሰዱን ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። ሥዕሎቹ ዛሬም እዚያ ሙዚየም ውስጥ ናቸው።

ኬይ ካውፍማን ሼለሜይ በእ.ኤ.አ. 1973 ወደ ጎንደር አካባቢ የመጡት የቤተ እስራኤልን ጸሎት ዜማ ለማጥናት ነበር። የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ በስሜንና በወገራ ለዘመናት ኖሯል። አጥኚዋ የጥንት የአይሁድ ዜማ እናገኛለን ብለው ለሚጠብቁ ሰዎች ያልጠበቁትን ይዘው ተመለሱ፤ በ1986 በታተመው መጽሐፋቸው ጸሎቱና ዜማው ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ገዳማዊ ሥርዓት ጋር በጥብቅ የተሳሰረ መሆኑን አሳዩ። የሁለት ጎረቤቶች ዝምድና በዜማ ተገለጠ። እኚሁ ሊቅ ንጋት ላይ ያለ ምንም መሣሪያ በየደጃፉ እየዘፈኑ የሚመርቁትን ላሊበላዎችንም አጥንተዋል። እነዚህ ዘማሪዎች ዘፈኑን ከተዉ ቁምጥና ይይዘናል ብለው ያምናሉ ይባላል። የቤቱን ባለቤት ስም ከጎረቤት ጠይቀው ያውቁና በስሙ ያወድሱታል፤ የተመረቀው እጁን ሲዘረጋ ምርቃቱ ይደራል።

የጃፓኑ ኢትሱሺ ካዋሴ ካሜራ ይዘው ጎንደር የገቡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በእ.ኤ.አ. 2005 የላሊበላዎችን፣ በ2006 ማሲንቆ ተሸክመው ጎንደር ከተማ ውስጥ የሚዞሩ የአዝማሪ ልጆችን፣ በ2012 ደግሞ የዛርን ሥርዓት በፊልም አሳይተዋል። ከሁሉም ልቤን የሚነካው ጎንደር ኢትዮጵያ ሆቴል ክፍል ቁጥር 11 ውስጥ የተቀረጸው አጭር ፊልም ነው። ጎዳና ላይ የሚኖሩ ሁለት ልጆች ክፍሉ ውስጥ ገብተው ከቀራጩ ጋር ይጫወታሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይቀልዳሉ። ካሜራው ከአንዲት ክፍል አይወጣም። ቀራጩ ራሱን ግድግዳ ላይ እንዳለ ዝንብ አያስመስልም፤ ልጆቹ ያናግሩታል፣ እሱም ይመልሳል። በወረቀትና በድምፅ መቅረጫ የሚጠፋው ነገር፣ ማን ማንን እያየ እንደተናገረ፣ በፊልም ይቀራል።

ጎንደር በፊልም የራሷ ልጅም አላት። ኃይሌ ገሪማ በእ.ኤ.አ. 1946 እዚያ ተወለዱ፤ አባታቸው ገሪማ ታፈረ ስለ አርበኞች «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉ፣ ተውኔትም የሚደርሱ ሰው ነበሩ። ኃይሌ መድረክን ያወቁት በዚያ ቤት ነው። በ2008 የወጣው «ጤዛ» ከዓለም ዙሪያ ሽልማት ሰብስቧል።

በቃል ግጥም ጥናት ግን ለእኛ ትልቁን መንገድ የጠረጉት ፈቃደ አዘዘ ናቸው። በእ.ኤ.አ. 1998 ያሳተሙት መጽሐፍ የሰሜን ሸዋ ገበሬ በድርቅና በረሃብ ዘመን ለፈጣሪው፣ ለመንግሥቱ፣ ለጎረቤቱ የተናገረውን ግጥም የያዘ ነው። ያ መጽሐፍ ዳባት ላይ ወንድም ያስፈልገዋል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መገባደጃ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ዘልቆ ብዙ ሰላማዊ ሰው አልቋል። በዚህ አገር ሞት በሙሾ ነው የሚነገረው። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ የሟቹን ስም፣ ሙያ፣ ማን ተረፈለት ማን አለቀበት የሚለውን በስንኝ ትዘረዝራለች፤ ለቀስተኛው ይቀበላታል። ከዚህ የበለጠ የምስክር ቃል የት ይገኛል? ሴቶቹ ፈቃደኛ ሆነው እስከተገኙ፣ እነሱ በሚመርጡት ሰዓትና በሚያምኑት ሰው አማካይነት መመዝገብ ይኖርበታል። ሙሾ አውራጅን ለጥናት ብሎ ያለ ሐዘን ማስለቀስ ነውር ነው፤ እናቶች አይወዱትም፣ እውነት አላቸው።

ዛሬ ደባርቅ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። ከኦሳካ፣ ከፓሪስ ወይም ከአሜሪካ መምጣት የማያስፈልገው፣ የእናቱን ለቅሶ የሚያውቅ፣ የአጎቱን ሰርግ ያጀበ ተማሪ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል። ለዚህ ተማሪ የምመኝለት መመዝገቢያ ደብተር አምስት ዓምድ ያለው ነው፦ ሰጪው ማን ነበር፣ ተቀባዩ ማን ነበር፣ ለማን ተባለ፣ ያ ሰው ምን መለሰ፣ ቤቱ እንዴት ሆነ። ግጥሙና ዜማው ከዚያ በኋላ ይጻፉ። ቅጂው ለአዝማሪውና ለባለ ሰርጉ ይመለስ፤ አዝማሪውም በስሙ ይጠቀስ፣ ለጊዜውም ይከፈለው።

የሰርግ ቪዲዮ አንሺዎቻችንም የዚህ ሥራ አጋሮች መሆን ይችላሉ። ከጎንደር እስከ ሊማሊሞ በየሰርጉ ካሜራ አለ። ግን ፊልሙ ሲቀናበር የዳሱ ድምፅ ተቆርጦ በስቱዲዮ ዘፈን ሲሸፈን፣ አዝማሪው አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ብቻ ይታያል። ያን ድምፅ ሳይቆርጡ ለብቻው ማስቀመጥ ብዙ ድካም የለውም፤ ካሜራውንም «ተቀበል!» ሲባል ከሙሽሮቹ ላይ አንሥቶ ወደ ተነሣው ሰው ማዞር ይቻላል፣ ስንኙ ሲወርድ ደግሞ ወደተነገረለት።