መሬት በማይሸጥበት አገር የቤትና የመሬት ጠበቃ

ጠበቃ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ችሎት ፊት ቆሞ የሚከራከረውን ነው። የቤትና የመሬት ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ ግን ቀኑን የሚያሳልፈው ካርታና ውል ሲያነብ ነው። ደንበኛው ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቱን ከተረከበ ሥራው ሰምሯል።

የሚያነበው ብዙ የሆነበት ምክንያት አለው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም አይለወጥም ካለ በኋላ፣ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ ለሠራው ግንባታ ሙሉ መብት ይሰጠዋል። እንግዲህ «ቤት ገዛሁ» የሚል ሰው የገዛው ሕንፃውን ነው፤ ከቦታው የሚያገኘው የመጠቀም መብት ብቻ ነው። ስለዚህ የጠበቃው የመጀመሪያ ጥያቄ «ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ?» የሚል ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 የመኖሪያ ቦታ ዘመን 99 ዓመት ነው። ከዚያ ውስጥ ስንቱ አልፏል? የሊዝ ዕዳ ቀርቷል? ግንባታው በውሉ ጊዜ ተጀምሯል? አዋጁ ግንባታ ሳይጀመር ወይም ሳይጋመስ መብቱን ለሌላ ማስተላለፍን አጥብቆ ስለሚገድብ፣ ይህን ሳያጣራ ቀብድ የከፈለ ገዢ ችግር ላይ ይወድቃል።

የሪል እስቴት አልሚ ደንበኛ ሲሆን ፕላን ይቀድማል። ቦታው በከተማው ፕላን ለመኖሪያ፣ ለንግድ ወይስ ለአረንጓዴ ተመድቧል? መንገድ ይነካዋል? የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ከዚህ ጋር ሲስማማ ነው።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ገና ያልተሠራ አፓርታማ ነው። ገዢው ለዓመታት ያጠራቀመውን በየደረጃው ይከፍላል፤ በእጁ ያለው ወረቀት ብቻ ነው። ጠበቃው ቦታው በማን ስም እንደሆነ፣ ለባንክ በመያዣ ተሰጥቶ እንደሆነ፣ ርክክቡ ቢዘገይ ቅጣቱ ስንት እንደሆነና ካርታ በገዢው ስም የሚወጣው መቼ እንደሆነ ይመረምራል። «በቅርቡ» የሚል ቃል ካለ በምትኩ ቁርጥ ያለ ቀን እንዲጻፍ ያስገድዳል። በእኔ እምነት ከክርክር ችሎታ ይልቅ ይህ ጥንቃቄ ብዙ ቤተሰብ ያድናል።

በውጭ አገር ያሉ ወገኖች ቤት የሚገዙትም የሚሸጡትም ብዙ ጊዜ በውክልና ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ተወካይ ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። «ማናቸውንም ጉዳዬን እንዲያስፈጽምልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ይዞ ለሚመጣ ወንድም ጠበቃው የሚመልሰው ሥልጣኑ በግልጽ ተጽፎ እንደገና እንዲላክ ነው፤ ገዢው ገንዘብ ይዞ በር ላይ ቢጠብቅም።