ከልብስ ሰፊ ወለል የሚነሣ ፊደል

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ሀይሌ ጋርመንት የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከልብስ ፋብሪካ ነው። ዛሬ ግን ስሙ ሲጠራ ለብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ሽንኩርትና ቲማቲም ነው፤ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ የሄደው አትክልት ተራ በ2013 ወደዚህ ተዛውሯልና። እዚህ የማነሣው ሰፈሩ ስሙን ያገኘበትን ሙያ፣ በተለይም ከመቁረጫ ጠረጴዛ ሥር የሚወድቀውን ብጣሽ ጨርቅ ነው። ከዚያ ብጣሽ ለልጆች የፊደል ብርድ ልብስ ይወጣል።

ልብስ ሲቆረጥ ጨርቁ ሁሉ ልብስ አይሆንም። እጅጌው፣ ኮሌታውና የሱሪው ጭን ከጥቅሉ ላይ ተቆርጠው ሲወጡ በመካከላቸው የሚቀረው ይጣላል። በፋብሪካ ደረጃ ይህ ብክነት ከጨርቁ 15 በመቶ ገደማ እንደሚሆን ብዙ ጊዜ ይገመታል። በትንሽ ልብስ ሰፊ ቤት ደግሞ ብጣሹ በማዳበሪያ ይጠራቀማል፤ ከፊሉ ለትራስ መሙያ፣ ከፊሉ ለጋራዥ እጅ መጥረጊያ ይውልና የቀረው ከቆሻሻ ጋር ይወጣል። አንዱን ማዳበሪያ ዘርግፋችሁ እዩት፦ የተማሪ ዩኒፎርም ሰማያዊ፣ የሸሚዝ ባለመስመር፣ አበባ ያለበት መጋረጃ፣ አቡጀዲ፣ አንዳንዴም የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ጫፍ። መዳፍ የምታህል ቁራጭ እንኳ ለፊደል ትበቃለች።

በአገራችን የተጣፈ ነገር የችግር ምልክት ሆኖ ስለኖረ ድሪቶ ለብሶ መታየት የሚወድ የለም። ይህኛው ግን ቀዳዳ ለመድፈን የሚጣፍ ሳይሆን ከመጀመሪያው ታስቦ፣ ተለክቶና ቀለሙ ተመርጦ የሚገጣጠም ነው። ሌላውም ዓለም ሙያውን በክብር ይዞታል። በአሜሪካ አላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ በምትባል የገጠር መንደር፣ ከባርነት የወጡ ቤተሰቦች ልጆች የሆኑ ጥቁር ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ ብርድ ልብስ ሲገጣጥሙ ትውልዶች አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 በዚያው አካባቢ ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ የተባለ የሴቶች የኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ በ1970ዎቹ ለሲርስ ኩባንያ ኮርዶሮይ ከሚባለው ወፍራም ጨርቅ የትራስ ልብስ ይሰፋ ነበር፤ ከዚያ የተረፈው ቁርጥራጭ ወደየቤቱ እየሄደ ብርድ ልብስ ሆነ። በ2002 ደግሞ የሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራዎቻቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ለሕዝብ አሳየ። የእነዚያ ሴቶች ጥሬ ዕቃ ሀይሌ ጋርመንት ውስጥ በማዳበሪያ ከሚታሰረው አይለይም።

ፊደላችንም ለዚህ ሥራ እጅግ የተመቸ ነው። እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ የለውም፤ እያንዳንዱ በራሱ ካሬ ውስጥ ቆሞ ይነበባል። ከሁሉም የሚያስደስተኝ የቅርጾቹ ዝምድና ነው። በግዕዙ 26 ፊደላት ላይ ለአማርኛ የተጨመሩት ሰባቱ፣ ማለትም ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ እና ጨ፣ የነበሩት ላይ ምልክት እየታከለባቸው የመጡ ናቸው። ከ«ጨ» በቀር የሌሎቹ ምልክት አናት ላይ የሚያርፍ አግዳሚ ነው። ስለዚህ «ነ»ን የሰፋ ሰው «ኘ»ን ለመሥራት የሚጎድለው አንዲት ቀጭን ብጣሽ ብቻ ነው። ልጁም ሁለቱን በጣቱ ሲዳስስ ልዩነቱን እዚያችው ብጣሽ ላይ ያገኘዋል። ወረቀት ላይ ይህ ስሜት የለም።

ለጀማሪ የሚቀለው «ተ» ነው። ያለቀው ካሬ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ለስፌት በየጠርዙ ሦስት ሩብ ሳንቲ ሜትር ይተዋል። ለመደቡ 9.5 በ9.5 የሆኑ አራት ካሬዎች ይቆረጣሉ። ለፊደሉ 5.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ቅዳጆች ያስፈልጋሉ፦ ሁለቱ 9.5፣ አንዱ 21.5 ርዝመት። በመጀመሪያ ከሁለት የመደብ ካሬዎች መሐል አንዱ አጭር ቅዳጅ ይገባና ይሰፋል፤ ሁለተኛውም ጎን እንደዚሁ። ከዚያ ረጅሙ ቅዳጅ በሁለቱ መካከል ቁልቁል ሲገባ «ተ» ቆመ ማለት ነው። በየስፌቱ ካውያ ማሳረፍ ግድ ነው፤ ካውያ ያልነካው ካሬ ከጎረቤቱ ጋር አይገጥምም። ጨርቁም የድሩን አቅጣጫ ተከትሎ ይቆረጥ፤ በሰያፍ የተቆረጠ ብጣሽ ሲሳብ ይለጠጥና ፊደሉን ያጣምመዋል።

«በ» እና «ፐ»ም በቀጥታ ስፌት ይወጣሉ። መ፣ ወ፣ ዐ፣ ቀ እና ፀ ግን ክብ ስላለባቸው እንዲህ አይገጣጠሙም። ቅርጻቸው ተቆርጦ መደቡ ላይ ይደረግና ዙሪያው በዚግዛግ ይሰፋል። ለእነዚህ የማይተረተር ጥብቅ ሽመና ያለው የጥጥ ጨርቅ ይመረጣል። የሚለጠጥ የካናቴራ ጨርቅና የማይለጠጥ ፖፕሊን አንድ ካሬ ውስጥ ባይገናኙ ይሻላል። አዲስ ቀይ ጨርቅ ካለም አስቀድሞ ይታጠብ፤ አንድ ጊዜ ቀለሙን ከለቀቀ ነጩን አቡጀዲ ያበላሻል።

አደራደሩ ላይ ትንሽ ማሰብ ይጠይቃል። 33 ፊደላት ለብርድ ልብስ የሚመች አራት ማዕዘን አይሞሉም፤ አምስት በሰባት ሲደረደሩ ግን 35 ካሬ ይሆንና ሁለት ይተርፋሉ። በአንዱ «ቨ»ን፣ በሌላው የልጁን ስም ማስገባት ይቻላል። መጠኑ 100 በ140 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቅደም ተከተሉ የፊደል ገበታው ይሁን፤ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ አሳትመው ያሰራጩትን ገበታ ይዞ ሀ ሁ የቆጠረ አያት ከልጅ ልጁ ጋር አብሮ ሊያነብበው ይችላልና። ሰባቱን ቤት ሁሉ ልሥራ የሚል 231 ካሬ ይጠብቀዋል፤ ይህን አልመክርም። ከዚያ ይልቅ አንድ አጭር ቅዳጅና አንዲት ትንሽ ቀለበት ከጨርቅ ለብቻ ይሰፉ። ልጁ ቅዳጁን ከ«በ» ቀኝ ጎን ሲያስጠጋው «ቡ»፣ ወደ እግሩ ሲያወርደው «ቢ»፣ በቅዳጁ ፋንታ ቀለበቷን ሲያደርግ «ቤ» ይሆንለታል። ሆሄ እንዴት እንደሚለወጥ በገዛ እጁ ያየዋል።

ሥዕል ለሚፈልግ በግ ለ«በ»፣ ፈረስ ለ«ፈ»፣ ነብር ለ«ነ»፣ ሸረሪት ለ«ሸ» አለ። «ኘ» ላይ ሲደርስ በእሱ የሚጀምር የተለመደ ቃል ስለማይገኝ አግዳሚዋን በደማቅ ቀለም ማጉላት ይበቃል።

ካሬዎቹ ተገጣጥመው ሲያልቁ ገበር ይገባል። ከኋላ አሮጌ አንሶላ ወይም አቡጀዲ፣ መሐል ላይ ያረጀ ጋቢ። ጋቢ ድርብርብ የጥጥ ሽመና ስለሆነ እንደ ተባዘተ ጥጥ አይሸሽም፣ ሲታጠብም አይቋጠርም። ሦስቱ ንብርብር በስፒል ተይዘው የካሬዎቹን መጋጠሚያ ተከትሎ ይጠቀማሉ፤ ዙሪያው ይቀመቀማል፤ ጥለት የተረፈው ቤት ካለ እዚህ ይዋል።

ቁልፍ፣ ዶቃና ጨሌ አይሰፉበት፤ ሕፃናት ነቅለው ይውጡታል። የበጉ ዓይን በክር ይጠለፍ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሲተኛም ይህን ብርድ ልብስ ማልበስ ትንፋሽ ሊያፍን ስለሚችል ለእሱ ወለል ላይ መጫወቻ ምንጣፍ ሆኖ ይቆይ።

ሀይሌ ጋርመንትም ሆነ ሌላ ሰፈር ልብስ ሰፊ ጎረቤት ያላችሁ፣ ማዳበሪያው ሳይወጣ ቀደም ብላችሁ ንገሩት፤ የጥጡን ለብቻ እንዲያስቀምጥላችሁ ጠይቁት። 33ቱም ከበዙባችሁ በልጁ ስም ፊደላት ጀምሩ፤ የቀረው በየጊዜው ይቀጠላል።