ጫኖ ላይ ቤት ልትገዙ ነው? ባለሙያው «ስንጥቅ አለው» ሲላችሁ ምን ማለቱ ነው?

ሲቀላና ሴቻ ላይ ቤት መግዛት ያልቻለ ወጣት ዓይኑን የሚጥለው ወደ ሰሜን፣ የሶዶን መንገድ ተከትሎ ነው። ጫኖ ሚሌ፣ ጫኖ ዶርጋ፣ ጫኖ ጫልባ። ሙዝና ማንጎው አለ፣ ዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢም ሩቅ አይደለም። ደላላውም «ቶሎ ካልወሰናችሁ ሌላ ሰው ሊይዘው ነው» ይላል። ሁሌም ሌላ ሰው ሊይዘው ነው።

በሌሎች አገሮች ቤት ገዢ መርማሪ ቀጥሮ ብዙ ገጽ ያለው ሪፖርት ይቀበላል። እኛ ጋ ሪፖርቱ ብዙ ጊዜ አንድ ግንበኛ ወይም ሲቪል ኢንጂነር የሆነ ጓደኛ ግድግዳውን መታ መታ አድርጎ የሚናገረው ነው። «ስንጥቅ አለው፣ እርጥበት አለ፣ ምስጥም ነክቶታል።» እዚህ ጋ ገዢው ወይ ደንግጦ ይሸሻል፣ ወይ «ምን ችግር አለው፣ ቀለም እቀባዋለሁ» ብሎ ይገባበታል። ሁለቱም ሊያስከፍሉ ይችላሉ። ባንክ ብድር ሲሰጥ የሚልከው ገማች ደግሞ በዋናነት የሚያየው ቤቱ ስንት እንደሚያወጣ ነው። እሱ አይቶታል ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

ከስንጥቅ እንጀምር። ስንጥቅ የሌለው ቤት የለም ማለት ይቻላል። ልስኑ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ፣ ጥፍር የማይገባበት ቀጭን መስመር ብዙ ጊዜ ልስኑ ሲደርቅ የመጣ ነው፤ ለዋጋ ድርድር እንኳ አይበቃም። ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ ወይም የብሎኬቱን መገጣጠሚያ እየተከተለ እንደ ደረጃ የሚወርድ ስንጥቅ ግን ሌላ ወሬ ነው። መሰረቱ በአንድ በኩል እየሰመጠ ሊሆን ይችላል። ስፋቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ ያው መስመር በውስጥም በውጭም ከታየ፣ እዚያው አካባቢ ያለው በርም አልገጥም ካለ ጉዳዩ የቀለም አይደለም።

ይሄ ነገር ጫኖ ላይ ለምን ይበረታል? ሜዳው ወንዞች ከተራራው እያጠቡ ያወረዱት ደለል ነው። ሸክላ የበዛበት አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ላዩ ላይ ያለውን ቤትም አብሮ ያንቀሳቅሰዋል። በዚያ ላይ የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ መሬት መንቀጥቀጥ እዚህ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ ባለሙያውን ስለ ስንጥቁ ብቻ ሳይሆን ግድግዳዎቹን ከላይ የሚያስር በፌሮ የተሠራ ኮንክሪት ዙሪያውን መኖሩን ጠይቁት። ከሌለ አራቱ ግድግዳዎች አንድ ላይ አልታሰሩም ማለት ነው።

ስንጥቁ የቆመ ነው ወይስ እየሄደ ያለ? ይሄን ለማወቅ ዘመናዊ መሣሪያ አያስፈልግም። ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጋችሁ ቀኑን ጻፉ፣ ጎኑ ማስመሪያ አስጠግታችሁ ፎቶ አንሱ፣ ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ተመለሱ። ሻጩ «ጊዜ የለኝም» ካለ እሱም ራሱ መልስ ነው።

እርጥበት ላይ ደግሞ ወቅቱ ያታልላል። የአዲስ አበባ ሰው ክረምት ሲል ሐምሌና ነሐሴን ነው፤ የኛ ዋናው ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ መስከረምና ጥቅምት። ጥር ላይ ቀለም ተቀብቶ ያያችሁት ግድግዳ ደረቅ መሆኑ ምንም አይነግራችሁም። ከተቻለ ዝናብ በዘነበ ማግስት ሂዱ። ካልተቻለ ከወለሉ እስከ ወገባችሁ ያለውን ግድግዳ እዩ። ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ካወጣ፣ ልስኑ ሲነኩት ከረገፈ፣ ከታች ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ውሃ ከመሬት እየተሳበ ነው። ለእነዚህ የጫኖ ቀበሌዎች ከሐሬ ወንዝ የሚጠለፍ የመስኖ ውሃ አለ። ለሙዙ በረከት ነው፣ ቦዩ ከግድግዳው ሥር ለሚያልፍበት ቤት ግን በጋ የለም። ከጣሪያ የሚወርድ እርጥበት ቀላሉ ነው፤ አሸንዳ በመቀየር ወይም ቆርቆሮ በማስተካከል ይቆማል። ከታች የሚመጣው ግን እልኸኛ ነው። ጎርፍ ደርሶ እንደሆነ ደግሞ ሻጩን ሳይሆን ጎረቤቱን ጠይቁ፣ በተለይ እናቶችን። የትኛው ዓመት እስከ የትኛው ደረጃ እንደገባ ያስታውሳሉ።

ምስጥ። ዶርዜዎች ከኛ በላይ ያውቁታል። የቀርከሃ ቤታቸው ሲሠራ በጣም ረጅም የሚሆነው ምስጥ ከሥሩ እየበላው በየጊዜው ስለሚያጥር ነው፤ አጥሮም ይኖሩበታል። የጭቃ ቤት ግን እንዲህ ማሳጠር አይቻልም። መሬት የተቀበረው ምሰሶ ከተበላ ቤቱን የያዘው ልስኑ ብቻ ነው። ባለሙያው በጠመንጃ መፍቻ (አዎ፣ በካቻቢቴ) እንጨቱን ሲወጋው ዝም ብሎ ከገባ፣ ወይም ግድግዳው ላይ የአፈር ቱቦ የመሰለ መስመር ወደ ጣሪያ ሲወጣ ካየ፣ ስንት ምሰሶ እንደተበላ ይቁጠር። አንድ ሁለት ከሆነ ይቀየራል። ማዕዘኖቹ በሙሉ ከሆኑ የምትገዙት ቤቱን ሳይሆን ቆርቆሮውን ነው።

ስለ ቆርቆሮ ካነሳን፣ ጌጁን ጠይቁ። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ይሳሳል፤ 32 ከ28 የቀጠነ ነው፣ ብዙ ሰው ግን በግልባጩ ይገዛል። ኮርኒሱ ላይ ቀዳዳ ካለ ስልካችሁን አስገብታችሁ መብራቱን አብርታችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። የዛገ ምስማር፣ የጠቆረ እንጨት፣ የብርሃን ነጠብጣብ ሁሉ ይታያል። መብራቱ በራሱ ቆጣሪ ነው ወይስ ከጎረቤት የተቀጠለ? ሽንት ቤቱ ከውሃ ጉድጓዱ ምን ያህል ይርቃል? ሐይቁ ቅርብ በሆነበት ሜዳ የመሬት ውስጥ ውሃም ጥልቅ ላይሆን ይችላል።

ባለሙያው ሁሉንም ከተናገረ በኋላ ስለ እያንዳንዱ ነገር ሦስት ጥያቄ ጠይቁት፦ እየባሰ ነው ወይስ ቆሟል? ለማስተካከል ስንት ይፈጃል? ሳይስተካከል መግባት ይቻላል? የሻጩ ዘመድ ወይም ደላላው ያመጣው ሰው ከሆነ ግን አትድከሙ።

ትልቁ ግኝት ደግሞ ግድግዳው ላይ አይጻፍም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ከተማ ውስጥ ካርታ ያለው ቤት መሸጥ ይቻላል፤ የገበሬ ይዞታ ተሸንሽኖ በመንደር ውል የተሸጠ ቦታ ላይ የቆመ ቤት ግን የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን መሰረቱ ወረቀት ላይ የለም። ጫኖ የከተማና የገጠር ድንበር ላይ ስለሆነች ይሄ ጥያቄ እያንዳንዱ ቤት ላይ ይነሳል። ካርታው በማን ስም ነው? ዕዳና እግድ አለበት? ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሌላኛዋ ወገን ትፈርማለች? ኢንጂነሩን ከመጥራታችሁ በፊት የሚመለከተው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የኢንጂነሩን ክፍያም ታተርፋላችሁ።

ቀብድም ቢሆን ከምርመራው በፊት አትስጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጥቶ የቀረ ገዢ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀብሎ የቀረ ሻጭ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። ቀብድ ከከፈላችሁ በኋላ የተገኘ ምስጥ ከሻጩ ይልቅ የእናንተ ራስ ምታት ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። ሕጉ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ ነው ይላል፤ ገዢው ውሉ ሲፈረም ያወቀው ወይም በግልጽ የሚታይ ጉድለት ላይ ግን ይህ ዋስትና አይሠራም። ስለዚህ ባለሙያው ከነገራችሁ በኋላ ዝም ብላችሁ ከፈረማችሁ «አልነገሩኝም» ማለት አትችሉም። ወይ ዋጋው ይቀነስ፣ ወይ ሻጩ በዚህ ቀን ጣሪያውን ይጠግናል፣ ካልጠገነ ይሄን ያህል ከቀሪው ክፍያ ይቆረጣል ተብሎ ውሉ ላይ ይጻፍ። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ መመዝገብ አለበት። ደላላው ቡና እየተጠጣ «ግዴለም እሱ ያስተካክልላችኋል» ያለው ነገር እዚያ ወረቀት ላይ ከሌለ፣ የለም።